የከተርነውን ውሃ ማን ይጠብቀው?

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀው የቅድመ ክረምት ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት በቀሩበት በዚህ ጊዜ የምንናገረው ስለ አፈር ግድብ ነው።

ርእሱ ለካህናት ጉባኤ እንግዳ የሚመስለው ቢኖር ጥር 10 ቀን የምናከብረውን በዓል ስም ያስታውስ። ከተራ «ከተረ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው፤ ውሃን አገደ፣ ገደበ ማለት ነው። ታቦታት ከመውረዳቸው በፊት አባቶቻችን ወንዝ ወርደው በአፈርና በድንጋይ፣ በሣርና በጭቃ ውሃውን ይከትሩ ነበር፤ ዛሬም በብዙ አጥቢያዎች እንዲሁ ይደረጋል። ስለዚህ ግድብ ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን የአባቶቻችን ከተራ በበጋ የሚሠራ፣ በዓሉ ሲያልፍም ውሃው የሚለቀቅ ነበር። የጎንደሩ የአፄ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕርም ቢሆን ለበዓሉ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ግን ደርቆ ይቆያል። እኛ ዛሬ በየከተማው ዳርቻ የምንሠራቸው ግድቦች ግን ቆመው የሚከርሙ ናቸው። ክረምት የሚያልፍበት ግድብ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል።

ያለፍንባት ሌሊት

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር፤ ሌላውን ለመምከር የሚነሣ ሰው ከራሱ መጀመር ይገባዋልና። በአንድ ከተማ ዳርቻ፣ ከአንድ ደብር በታች ባለ ሸለቆ፣ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ሆነን አነስተኛ የአፈር ግድብ ሠርተን ነበር። ቁመቱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ90 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ዓላማውም በየክረምቱ ከተራራው እየወረደ የታችኛውን ሰፈር የሚያጥለቀልቀውን ጎርፍ ይዞ በቀስታ መልቀቅ ነበር። ምእመናኑ በጉልበታቸውም በገንዘባቸውም አግዘው በሁለት በጋ ጨረሱት። በመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ የገባበት አንድም ቤት አልነበረም።

ውሃው ሲጠራቀም ሌላም በረከት ይዞ መጣ። ዳርቻው ለመለመ፤ ወፎች ሰፈሩበት። ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው በዳርቻው ይቀመጡ ጀመር፤ ሙሽሮችም ፎቶግራፍ ይነሡበት ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ሻይና ዳቦ እየሸጡ ለአብነት ተማሪዎች ልብስ መግዣ ያሰባስቡ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የጥምቀት በዓል በዚያ እንዲከበር ተወሰነ። ኮሚቴው ለበዓሉ ውሃው ከፍ እንዲል በማስተንፈሻው አፍ ላይ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ለመደርደር ፈቃድ ጠየቀን፤ እኛም ፈቀድን። ጊዜው በጋ ስለ ነበር እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የተጀመረው በዓሉ ካለፈ በኋላ ጆንያዎቹን የሚያነሣ በመጥፋቱ ነው። ውሃው ሰፍቶ ሲታይ ደስ ያሰኝ ነበርና ኮሚቴው «ትንሽ ይቆይ» አለ። እኛም በሚያዝያ ለጉብኝት ሄደን፣ ጆንያዎቹን በዓይናችን አይተን፣ የሐይቁን ውበት አድንቀን፣ በሪፖርታችን ላይ «የልማት ፍሬ» ብለን ጽፈን ተመለስን።

በነሐሴ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሳያቋርጥ ዘነበ። የደብሩ ጥበቃ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በባትሪ ሲያይ ውሃው የግድቡን አናት ለመድረስ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። ደወል ተደወለ። ካህናቱና ወጣቶቹ በገመድ ተያይዘው ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ጎትተው አነሡ፤ ሌሎች ወደ ታችኛው ሰፈር ሮጠው በየበሩ እያንኳኩ ሕፃናትንና አረጋውያንን ወደ ደብሩ አዳራሽ አመጡ። በእግዚአብሔር ቸርነት የሞተ ሰው የለም። ሲነጋ ግን የግድቡ አናት ተሰንጥቆ፣ በታችኛው ፊቱም ላይ አፈሩ ተንዶ አገኘነው። ጆንያዎቹ ሲነሡ በአንድ ጊዜ የወረደው ውሃም የሁለት ቤተ ሰብ አጥርና የከብት ጋጣ ወስዶ ነበር።

በአዳራሹ ያደሩ አንዲት እናት «ደወሉን ስሰማ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኛ እንዳንሞት ነው» አሉን። የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ውሃውን ስናይ ቤቶቹን ረሳን» አሉ። ቃሉ ለእኛም ነበር። የዛሬው ንግግራችን ከዚህ ቃል አይወጣም።

በዴንቨር ዳርቻ ያለው ግድብ

ከዚያች ሌሊት በኋላ፣ በከተማ አጠገብ ሆነው ጎርፍ የሚይዙና ለመዝናኛም የሚያገለግሉ የአፈር ግድቦች በሌላው ዓለም እንዴት እንደሚጠበቁ መጠየቅ ጀመርን። ብዙ ያስተማረን በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ ዳርቻ ያለው የቼሪ ክሪክ ግድብ ነው። በአጠገቡ ባለችው በአውሮራ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ቦታው ለአንዳንዶቻችሁ ፈጽሞ እንግዳ ላይሆን ይችላል። ልጆቻችሁ ወይም ዘመዶቻችሁ በእረፍት ቀናቸው ከዚያ ሐይቅ ዳር ሆነው ፎቶግራፍ ልከውላችሁ ይሆናል።

ቼሪ ክሪክ ትንሽ ወንዝ ነው። ዴንቨር እ.ኤ.አ. በ1858 ስትቆረቆር ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበትን የወንዙን ወለል እንደ ተራ መሬት ቆጥረው ቤት ሠሩበት። የከተማይቱ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ሳይቀር የቆመው በዚያው ወለል ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1864 በሌሊት የመጣ ጎርፍ ማተሚያ ቤቱንም የከተማውን ማዘጋጃ ቤትም ጠርጎ ወሰደ፤ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎችም ሞቱ። ይህን ስናነብ ድሬዳዋን ያላስታወሰ ከመካከላችን አልነበረም። ደቻቱም በበጋ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. የሐምሌ ወር ሊያልቅ ሲል ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ደረቅ ወንዝ ሰውን ያዘናጋል።

በዚያው በቼሪ ክሪክ ላይ፣ ከዴንቨር ራቅ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 ለመስኖ የተሠራ ካስልውድ የሚባል ግድብ ነበር። ከአፈር ሳይሆን ከድንጋይ የተሠራ ቢሆንም ታሪኩ ለእኛም ይጠቅማል። ይህ ግድብ ከተሠራ ጀምሮ ውሃ ያፈስስ ነበር፤ ሰዎችም ማፍሰሱን ለመዱት። በነሐሴ 1933 መጀመሪያ ላይ ከከባድ ዝናብ በኋላ በሌሊት ተደረመሰ፤ ጎርፉም ዴንቨር ድረስ ዘለቀ። ሆኖም የሞቱት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጎርፉ ሳይደርስ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኞች በወንዙ ዳር ያሉትን ሁሉ እየደወሉ ስላስጠነቀቁ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ከፍታ ወጥተው ተርፈዋል። የዚያች ሌሊት ስልክ የእኛ ደብር ደወል ማለት ነው።

የዛሬው የቼሪ ክሪክ ግድብ የተሠራው እንዲህ ካለው ታሪክ በኋላ ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ክፍል እ.ኤ.አ. በ1950 ጨረሰው። ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ ሲሆን ከፍታው ከ40 ሜትር፣ ርዝመቱም ከ4 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዋና ተልእኮው ዴንቨርን ከጎርፍ መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ከግድቡ በላይ ያለው ሐይቅና ዙሪያው የኮሎራዶ ግዛት መናፈሻ ሆነ፤ በጀልባ የሚቀዝፉ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ በእግርና በብስክሌት የሚንሸራሸሩ ሰዎች ይመጡበታል። ሲሠራ ከከተማው ውጭ በሜዳ ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን ከተማው አድጎ በዙሪያው ቆሟል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1965 ዴንቨርን ያቋረጠው የሳውዝ ፕላት ወንዝ በታሪኩ ከታዩት ሁሉ የከፋ ጎርፍ አወረደ። በአካባቢው 21 ሰዎች ሞቱ፤ ድልድዮችና ፋብሪካዎች ፈረሱ። የቼሪ ክሪክ ውሃ ግን ከግድቡ ጀርባ ተይዞ ስለ ቀረ በዚያ ጥፋት ላይ አልተጨመረም። ከዚያ በኋላ ቻትፊልድና ቤር ክሪክ የተባሉ ሌሎች ሁለት የአፈር ግድቦች በሌሎቹ ወንዞች ላይ ተሠሩ፤ እነርሱም እንዲሁ ጎርፍ መያዣና መናፈሻ ሆነው ያገለግላሉ።

ባዶ የሚተው ቦታ

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። የቼሪ ክሪክ ሐይቅ ለተመልካች ሙሉ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ግድቡ በአዘቦት ቀን የሚይዘው ሊይዝ ከሚችለው ጥቂቱን ነው። ሰዎች ጀልባ ከሚቀዝፉበት የውሃ ወለል በላይ ከ10 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ቦታ ለጎርፍ ተብሎ ባዶ ይተዋል። ጎርፍ ሲመጣ ያ ቦታ ይሞላል፤ ጎርፉ ሲያልፍ ውሃው በመልቀቂያው በቀስታ ተለቅቆ ቦታው ዳግመኛ ባዶ ይሆናል። ዴንቨርን የሚጠብቀው ዓይን የሚያየው ሐይቅ ሳይሆን በላዩ ያለው ባዶ ቦታ ነው።

አባቶች ሆይ፤ ይህን ለሕዝቡ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ሙሉ ጎተራና ሙሉ ማድጋ በረከት ነው ብለን አድገናልና፣ ያልሞላ ግድብ ስናይ ያልተፈጸመ ሥራ ይመስለናል። ለጎርፍ የተሠራ ግድብ ግን እንግዳ ይመጣል ተብሎ ያልተነጠፈበት መደብ ማለት ነው። ሌላ ሰው ከተቀመጠበት፣ እንግዳው በመጣ ሌሊት ማደሪያ የለውም። እኛም በጆንያ የዘጋነው የጎርፉን ማደሪያ ነበር።

መዝናናት ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። ሕዝቡ በውሃ ዳር አርፎ ቢደሰት፣ ወጣቱ ከመጠጥ ቤት ይልቅ በደብሩ አጠገብ ቢውል እኛም ደስ ይለናል። ስንናገር የመጣነው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። በቼሪ ክሪክ መዝናኛው የሚኖረው ጥበቃው በፈቀደለት ልክ ነው። ውሃው ሲነሣ የመናፈሻው ዳርቻ ቢሰጥም ይሰጥማል፤ ለመናፈሻው ሲባል ግን የጎርፉ ቦታ አይወሰድም።

የአፈር ግድብ እንዴት ይፈርሳል?

የአፈር ግድብ በወጉ ከተሠራና ከተጠበቀ ብዙ ዘመን ይቆያል። የሚያፈርሱትን ነገሮች ግን ማንኛውም የሰበካ ጉባኤ አባል ሊያውቃቸው ይገባል።

የመጀመሪያው በአናቱ የሚያልፍ ውሃ ነው። የሲሚንቶ ግድብ ውሃ በላዩ ቢፈስስ ሊታገሥ ይችላል፤ አፈር ግን አይችልም። ውሃው የታችኛውን ፊት እየሸረሸረ ቦይ ያወጣል፤ ቦዩ ወደ ላይ እየበላ አናቱን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ነው ማስተንፈሻ የሚሠራው። ማስተንፈሻ ትርፉ ውሃ የግድቡን አካል ሳይነካ በጎን የሚወጣበት መንገድ ነው። በአጥር፣ በጆንያ፣ ዓሣ እንዳያመልጥ በሚል መረብ ወይም በተከማቸ ግንድና ቆሻሻ የተዘጋ ማስተንፈሻ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሁለተኛው በውስጥ የሚሄድ ውሃ ነው። ማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ያንጠባጥባል። በግድቡ ግርጌ የሚወጣው ውሃ ንጹሕና መጠኑ የማይለዋወጥ ከሆነ መመዝገብና መከታተል ይበቃል። ከደፈረሰ ግን የግድቡን አፈር ከውስጥ ይዞ እየወጣ ነው፤ ይህ በዚያው ሰዓት ባለሙያ የሚጠራበትና ሰው የሚነቃበት ምልክት ነው። የካስልውድ ሰዎች እንዳደረጉት «ድሮም ያፈስሳል» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሦስተኛው ሥርና ጉድጓድ ነው። በዚህም እኛው በድለናል። የቤተ ክርስቲያናችን ክብር ከሆኑት ነገሮች አንዱ ደናችን ስለሆነ፣ በዚያ ግድብ ጀርባ ላይ ችግኝ አስተክለን ነበር። ዛፍ በግቢያችንና በተራራው ላይ በረከት ነው፤ በግድብ ጀርባ ላይ ግን ሥሩ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ሲደርቅና ሲበሰብስም ለውሃ መንገድ ይሆናል። የፍልፈልና የአይጥ ጉድጓድም እንዲሁ ነው። ለግድብ ጀርባ የሚስማማው አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ሣር ነው፤ በሣሩ ውስጥ ጉድጓድም ስንጥቅም በቀላሉ ይታያል። ችግኞቹን ስንነቅል ወጣቶቹ አዝነው ነበር፤ ነገር ግን በተራራው ላይ እጥፍ አድርገን ስንተክል ተጽናኑ። ከተራራው የሚወርደውን ደለል የሚቀንሰውም ያኛው ነው።

በየወራቱ ምን እናድርግ?

በግንቦትና በሰኔ፦ ማስተንፈሻው ይጠረግ፤ በጀርባው ላይ የበቀለ ቁጥቋጦ ይመንጠር፤ ጉድጓዶች በሸክላ አፈር ተሞልተው ይጠቅጠቁ። የታችኛው መልቀቂያ ቧንቧ ተከፍቶ ይሞከር። በቼሪ ክሪክ እንኳ የመልቀቂያውን በሮች በየዓመቱ ክረምታቸው አልፎ በጸደይ ከፍተው የተከማቸውን ደለል ያጥባሉ፤ ያንን ከማድረጋቸው በፊትም ከታች በወንዙ ዳር የሚሄዱ ሰዎች እንዲጠነቀቁ ያሳውቃሉ። ዓመቱን ሙሉ ያልተከፈተ በር በጭንቅ ሌሊት ይከፈታል ብሎ ማመን ሞኝነት ነው። ውሃውም ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት እስከ ምልክቱ ዝቅ ይበል። ምልክቱ በድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም ይጻፍ፤ ከዚያ በላይ ማቆየት በማንም ፈቃድ፣ በእኛም ቢሆን፣ አይቻል።

በሐምሌና በነሐሴ፦ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ በዚያው ቀን፣ ሁለት ሰዎች ግድቡን ከአናቱ እስከ ግርጌው ዞረው ይዩና በመዝገብ ይጻፉ። ሰውና ከብት በጀርባው ላይ እንዳይመላለስ ይከልከል። ልጆች በውሃው እንዳይዋኙ የሚጠብቅ ሰው ይመደብ። ደወሉን የሚደውለው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው አደዋወል እንደሚደወል፣ ሕዝቡ የሚወጣበት ከፍተኛ ቦታ የት እንደሆነ በዐውደ ምሕረት ላይ ይነገር። ለጸሎት የሚደወለውና ለአደጋ የሚደወለው ይለይ።

በመስከረም፦ የተሸረሸረው ይጠገን፤ የገባው ደለል ይለካ። ደለል የሞላው ግድብ ለጎርፍ የተተወውን ቦታ ቀስ በቀስ ያጣል።

በጥር፦ ለጥምቀት ውሃው ከፍ እንዲል የሚፈልግ አጥቢያ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ የሚያነሣው ሰውና የሚነሣበት ቀንም በዚያው ጽሑፍ ላይ ይኑር። እኛ ያልጻፍነው ይህን ነበር።

የታችኛው ሰፈር ወንበር

በመጨረሻ አንድ ነገር አደራ እንላለን። የዚያ ግድብ ኮሚቴ 9 አባላት ነበሩት፤ ሁሉም ከግድቡ በላይ የሚኖሩ ናቸው። ውሃው ይቆይ ወይስ ይለቀቅ የሚለውን የወሰኑት የውሃው ውበት የሚደርሳቸው፣ አደጋው ግን የማይደርሳቸው ሰዎች ነበሩ። ከታች ያሉት ቤቶች የጭቃ ቤቶች ናቸው፤ ነዋሪዎቹም አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞችና ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው። የእኛን እምነት የማይከተሉም በመካከላቸው አሉ። ጎርፍ ግን የማንንም እምነት አይጠይቅም፤ ደወላችንም ለሁሉም ነው የሚደወለው።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴው እንደ አዲስ ሲዋቀር ከ9ኙ ሦስቱ ከታችኛው ሰፈር ተመረጡ። በአዳራሹ ያደሩት እናት አንዷ ናቸው፤ የመዝገቡም ኃላፊ እርሳቸው ናቸው። በየሳምንቱ ልጃቸው እያነበበላቸው ግድቡን ዞረው ያያሉ። የታችኛው ሰፈር ሰው ያልተቀመጠበት ኮሚቴ ግድብ እንዲያስተዳድር ከእንግዲህ እኛ አንፈርምም፤ እናንተም እንዳትፈርሙ እንለምናለን።

የቼሪ ክሪክ ግድብ ከ60 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ እንኳ መሐንዲሶቹ ከተለመደው እጅግ የሚበልጥ ዝናብ ቢመጣ ግድቡ ይችለው እንደሆነ እንደገና አጥንተዋል። ያ ሁሉ ገንዘብና ዕውቀት ያላቸው ሰዎች «ጨርሰናል» ካላሉ፣ በአካፋና በአህያ የሠራን እኛ እንዴት እንላለን? ኖኅ መርከቡን የሠራው ሰማዩ ሳይጠቁር ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም አደጋ ሲመጣ እያየ መለከት ስለማይነፋ ጉበኛ ያስተማረውን ካህናት ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ የሚጠፋው ሰው ደም ከማን እጅ እንደሚፈለግም ታውቃላችሁ። ግድብ የሠራ ሰበካ ጉባኤ ጉበኛ ሆኗል።

ስለዚህ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ፣ በዚህ ሳምንት፣ ዝናቡ ሳይቀድማችሁ፣ ወደ ግድባችሁ ውረዱ። በመጀመሪያ ከላይ ሆናችሁ ውሃውን እዩ፤ እግዚአብሔርንም አመስግኑ። ከዚያ በግርጌው ቁሙና ፊታችሁን ወደ ታች መልሳችሁ ቤቶቹን ቁጠሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።